«አሳድሩኝ» ማለት ልመና ነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ እጄ ገባ። ጸሐፊው በትንሽ ገንዘብ ሀገር ለሀገር የሚዞሩ፣ ሆቴል ከመያዝ ይልቅ በበጎ ፈቃድ ቤታቸውን በሚከፍቱላቸው የማያውቋቸው ሰዎች ዘንድ የሚያድሩ ወጣቶችን ክፉኛ ይወቅሳሉ። ክሳቸው ስድስት ነው። ነገሩ ስሙን ያሳመረ ልመና ነው፤ ለሴት ልጅ ወጥመድ ነው፤ የነጮች ጨዋታ እንጂ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የሚሆን አይደለም፤ እንግዳና ባለቤትን በኢንተርኔት የሚያገናኘው ዝነኛው ድርጅት፣ ካውችሰርፊንግ፣ ራሱ ገንዘብ ማስከፈል ስለ ጀመረ ጉዳዩ ሞቷል፤ የሆቴሎችን እንጀራ ይዘጋል፤ በመጨረሻም፣ እንግዳ መቀበልን አባቶቻችን ያለ ኢንተርኔት ሲያደርጉት ስለኖሩ ከፈረንጅ የምንማረው የለም።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ መጀመሪያ በንዴት፣ ሁለተኛ እስክሪብቶ ይዤ። ጀርመን ሀገር ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር በነበሩት ሁለት ዓመታት በአሥራ አንድ ከተሞች በሰው ቤት አድሬአለሁ። ከተመለስሁ በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ ባለችው ባለ አንድ መኝታ የኮንዶሚኒየም ቤቴ ሰባት እንግዶች ተቀብያለሁ። የምመልሰው እንግዳም ባለቤትም ሆኜ ነው። በእኩል ስፋት እመልሳለሁ ግን አልልም፤ አንዳንዱ ክስ አንድ አንቀጽ አይሞላም፣ አንዳንዱ ሌሊቱን ሙሉ ያስወራል።

ልመና ከሚለው ልጀምር። ጸሐፊው ለሆቴል የሚከፍለው የሌለው ሰው ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለዋል ይላሉ። የገንዘቡን ነገር አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2023 ለጀርመን የተማሪ ቪዛ የሚያመለክት ሰው የአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን 11,208 ዩሮ በዝግ ሒሳብ ማስገባት ነበረበት፤ ባንኩም ከዚያ ላይ በየወሩ 934 ዩሮ ብቻ ይለቅለታል። ኑሮዬ በዚያ ልክ የተሰፋ ነበር። የቤት ኪራይና የጤና መድን ሲነሣለት የሚተርፈው ለምግብ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ደግሞ በ49 ዩሮ ወሩን ሙሉ በመላው ጀርመን የሚያስሄድ ቲኬት ወጣ። ፈጣኖቹን ባቡሮች አይጨምርም፤ በየመንደሩ እየቆመ በሚሄደው ግን ከተራራው ጫፍ እስከ ሰሜን ባሕር ያደርሳል። መንገዱ ተገኘ፣ ማደሪያው ቀረ። ስምንት ሰው በሚያንኮራፋበት የሆስቴል ክፍል አንድ ተደራራቢ አልጋ ሠላሳ ዩሮ ሲሉኝ የሳምንት አስቤዛዬን አሰብሁ።

ስለዚህ፣ አዎ፣ መጀመሪያ የወሰደኝ ማጣት ነው። እንደ ለማኝ የሄድሁትም እኔው ነኝ። የመጀመሪያው ተቀባዬ ሃኖቨር ውስጥ የሚኖር ነርስ ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ደረስሁ፣ አመሰገንሁ፣ ተኛሁ። በማግስቱ ከተማውን ስዞር ውዬ ማታ ተመልሼ ተኛሁ። ከሄድሁ በኋላ፣ እንግዳና ባለቤት አንዱ ስለ ሌላው በሚጽፍበት ድረ ገጽ፣ በገጼ ላይ አንድ ምስክርነት ጻፈልኝ፤ ንጹሕና ትሑት እንግዳ መሆኔን መስክሮ፣ ሆቴል ቢኖረው ኖሮ ጥሩ ደንበኛው እሆን እንደ ነበር አከለበት። ያን ያነበብሁ ዕለት ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ሰውየው ከረጅም ፈረቃ ተመልሶ ሾርባ ሠርቶ ጠብቆኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ በሀገሬ ወግ «በልቻለሁ» አልሁ። በእኛ ቤት «በልቻለሁ» ያለ እንግዳ በሞቴ እየተባለ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይለመናል። ጀርመናዊው አንድ ጊዜ ጠየቀ፣ መልሴን አመነ፣ ድስቱን አንሥቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተው። ተርቤ አደርሁ፤ እሱም ብቻውን በላ።

ጸሐፊው ያልገባቸው ይህ ይመስለኛል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው አልጋ ብቻ ፈልጎ ከሆነ በመጀመሪያው ማታ ይታወቅበታል። ቤቱን የሚከፍተው ሰው የሚፈልገው ገንዘብ ስላልሆነ ነው በነፃ የሚከፍተው፤ የሚፈልገው ግን የለም ማለት አይደለም። ከሃኖቨር በኋላ ቦርሳዬ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡናና ትንሽ ጀበና የማይለዩኝ ሆኑ። ኮሎኝ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ቡና ስቆላ የጢስ ማስጠንቀቂያው ሕንፃውን በጩኸት አናጋው። ባለቤቲቱ ወንበር ላይ ወጥታ በፎጣ ስታራግበው፣ ጎረቤቶች በር እያንኳኩ «ምን ተቃጠለ?» ሲሉ፣ በመጨረሻ አቦሉን ለሁለት ያሰብሁት ቡና በረካው ላይ ሲደርስ ጠጪው አምስት ሆኖ ነበር። ከአምስቱ ሦስቱ አንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ስድስት ዓመት ሲኖሩ አንዳቸው የሌላውን ቤት ረግጠው አያውቁም ነበር።

ስለ ልመና አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ብሬመን ላይ የተቀበሉኝ ጡረታ የወጡ አስተማሪ (ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ) የሰርቫስ አባል ናቸው። ይህ ማኅበር ኢንተርኔት ሳይታሰብ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ዴንማርክ ውስጥ የተጀመረ ነው። የጀመረው ቦብ ሉትዋይለር የሚባል አሜሪካዊ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አልዘምትም ብሎ የታሰረ ሰው ነበር። ሐሳቡ፣ ትናንት ሲገዳደሉ የነበሩ ሕዝቦች አንዱ የሌላው ገበታ ላይ ቢቀርብ ነገ ጦር ለመማዘዝ ይከብደዋል የሚል ነበር። ስሙ የተወሰደው ኤስፔራንቶ ከሚባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ ነው፤ ማገልገልን ያመለክታል። አባል ለመሆን የሚሻ ሰው ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል፤ መንገደኛው የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ይዞ ነው የሚሄደው፤ የተለመደው ቆይታ ሁለት ሌሊት ነው። በቃለ መጠይቅ የሚመረጥ ለማኝ እስካሁን አላየሁም።

ሁለተኛው ክስ ይበልጥ ከባድ ነው፤ እኔም ሴት ስለሆንሁ አላቃልለውም። ጸሐፊው በጥቅሉ ያለፉትን እኔ ልጨምርላቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 እንግሊዝ፣ ሊድስ ከተማ ውስጥ ከሆንግ ኮንግ የመጣች ሴት በካውችሰርፊንግ ባገኘችው ሰው ቤት ተደፍራለች፤ ሰውየው አሥር ዓመት ተፈርዶበታል። ጣሊያን፣ ፓዶቫ ውስጥ ደግሞ እንግዶቹን መጠጥ ውስጥ መድኃኒት እየጨመረ ያደነዝዝ የነበረ ሰው እ.ኤ.አ. በ2015 ተፈርዶበታል። ሥራው ምን ነበር ቢባል፣ ፖሊስ።

ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ሴት ልጅ አትሂድ ይላሉ። እኔ ከዚሁ የምረዳው መታወቂያም ሆነ የሥራ ማዕረግ ለማንም ዋስ እንደማይሆን ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ግን ጥርጣሬም ዕውቀት ይፈልጋል። ምስክርነት እንዴት እንደሚነበብ የነገረኝ አልነበረም፤ ራሴ ተማርሁት። ሰዎች ክፉ ነገር መጻፍ ይፈራሉ፤ የተከፋው ሰው አጸፋውን በእነሱ ገጽ ላይ ይጽፋልና። ስለዚህ በሃምሳ ምስጋና መካከል «ቤቱ ለባቡር ጣቢያ ቅርብ ነው፤ አመሰግናለሁ» የምትል አጭር ቃል ስታገኝ፣ በተለይ የጻፈችው ሴት ስትሆን፣ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ስለ ሰውየው አንድም ቃል አልወጣትም። እኔ የሴቶችን ምስክርነት ብቻ ለይቼ ማንበብ ጀመርሁ። ሴቶችን ብቻ የሚቀበል ወንድ ገጹ በጸሎት መጽሐፍ ቢያጌጥም አልሄድም። ቤተሰብ ያለበትን ወይም ሴት የምትኖርበትን አስቀድማለሁ። መጀመሪያ በብርሃን፣ ሰው በሚበዛበት ቡና ቤት እገናኛለሁ፤ አድራሻውን ለጓደኛዬ እልካለሁ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ለአንድ ሌሊት ሆቴል የሚበቃ ገንዘብ ሳልይዝ በር አላንኳኳም። ያ ገንዘብ የሌላት ሴት እምቢ ማለት አትችልም። ጸሐፊው ቢያስተውሉት ኖሮ ከሁሉም የሚበልጥ ነጥባቸው ይህ ይሆን ነበር፤ አደጋው ያለው ባዶ ኪስ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። ከተማውን አልጠቅስም። በገጹ ላይ የተለየ ክፍል አለኝ ያለ ሰው ቤት ስገባ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ። «አልጋው ሰፊ ነው» አለኝ እየሳቀ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር፤ ዝናብም ነበር። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም ነበርና ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። አርባ አንድ ዩሮ ከፍዬ ሆስቴል አደርሁ። በማግስቱ የሆነውን እንደሆነ ጻፍሁ፤ እሱም በገጼ ላይ ምስጋና ቢስ መሆኔን ጻፈ። እስካሁን እዚያው አለ። ከዚያ ወዲህ የተቀበሉኝ ሰዎች ሁሉ አንብበውታል፤ አንዲቷ እንዲያውም እሺ ያልሁሽ እሱን አንብቤ ነው አለችኝ።

ደግሞ ስለ «የማያውቁት ሰው» ጸሐፊውን አንድ ነገር ልጠይቅ። ከገጠር አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተልካ የተጎዳች ልጅ ታሪክ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ማን ነው? ያ ቤት የሚያውቁት ሰው ቤት ነበር። ምስክርነት የሚጻፍበት ገጽ ግን አልነበረውም።

ሦስተኛው፣ የነጮች ጨዋታ ነው የሚለው፣ ግማሹ እውነት ስለሆነ ግማሹን እሰጣለሁ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በእንዲህ ዓይነት መንገድ አውሮፓ እሄዳለሁ ብሎ የሚያስብ ወጣት ካለ ሐሳቡን ይተው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በወሰነው መሠረት የኢትዮጵያውያን የሼንገን (ድንበራቸውን አንዱ ለሌላው የከፈቱ የአውሮፓ ሀገሮች የጋራ) ቪዛ ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ታግዷል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የማመልከቻው ዋጋ 90 ዩሮ ገባ፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ማደሪያህ የት ነው ለሚለው ጥያቄም «በኢንተርኔት የተዋወቅሁት ሰው ሶፋ ላይ» የሚል መልስ ቆንስላን አያሳምንም። ፈረንሳይ ውስጥ ለምሳሌ እንግዳ የሚቀበል ሰው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የመቀበያ ማረጋገጫ ማውጣት አለበት፤ 30 ዩሮ የቴምብር ይከፍላል፤ ለእንግዳው ኃላፊነትም ይፈርማል። ይህን ከማያውቁት ሰው መጠየቅ ነውር ነው። የሚጠይቁ ግን አሉ። መጀመሪያ መልእክታቸው ላይ ሰላምታ እንኳ ሳያደርሱ «የግብዣ ደብዳቤ ላክልኝ» የሚሉ። በእነሱ ምክንያት የእኛ ፓስፖርት ያለበት ገጽ ሲመጣ ብዙ ተቀባይ ገና ሳያነብ ይዘጋዋል።

ቆዳችንም ዋጋ ያስከፍላል። ለፕራግ ጉዞዬ አሥራ ሰባት ጥያቄ ልኬ አሥራ አራቱ መልስ አልሰጡኝም፤ ሁለቱ ይቅርታ ጠየቁ፤ አንዲት ሴት እሺ አለች። አብራኝ የምትማር ስፔናዊት ለዚያው ሳምንት አራት ልካ ሁለት እሺታ አገኘች። ፎቶግራፋችንን ጎን ለጎን አስቀምጠን ሳቅን፤ እኔ የሳቅሁት ትንሽ አጠር ያለ ነበር።

ቀሪው ግማሽ ግን ትክክል አይደለም። በአንድ የሼንገን ሀገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ሌሎቹን ሀገሮች ያለ ተጨማሪ ቪዛ መዞር ይችላል፤ ተማሪዎችና ሠራተኞች በሺህ የሚቆጠሩ ነን። ከሀገር ቤት ለሚነሣውም አውሮፓ ብቻ ሀገር አይደለም። ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገንም። ከአዲስ አበባ በሐዋሳና በዲላ አድርጎ፣ ያቤሎን አልፎ ሞያሌ መግባት፣ ከዚያም በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አስፋልቱን ይዞ ናይሮቢ መውረድ ይቻላል። ናይሮቢ ውስጥ እኔን የተቀበለችኝ የሒሳብ መምህርት፣ ቤቷ ከመድረሴ በፊት ስድስት ኬንያዊና ኡጋንዳዊ እንግዶች እንደ ተቀበለች ገጿ ላይ አይቻለሁ። ነጭ አንድም አልነበረም። ሌሊቱን ያወራነው ደግሞ ስለ ቻፓቲና ስለ እንጀራ ሳይሆን ስለ ሁለታችን የደመወዝ ወረቀት ነው፤ ማን የበለጠ እንደሚቆረጥበት ለማወቅ ካልኩሌተር አወጣን።

አራተኛው ክስ፣ ነገሩ ሞቷል የሚለው፣ ታሪኩን አሳጥሮ የተናገረ ሰው ክስ ነው። ጸሐፊው እንዳሉት ካውችሰርፊንግ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020፣ ዓለም በወረርሽኙ ቤቱ በተዘጋበት ወር፣ በብዙ ሀገሮች ያሉ አባላቱን ክፈሉ ብሎ በሩን ዘጋባቸው፤ በወር 2.39 ዶላር ወይም በዓመት 14.29 ዶላር። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ሰውን ያስቆጣው ግን ትንሽነቱ ወይም ትልቅነቱ አልነበረም፤ ቁጣው ከዚያ በፊት ለዘጠኝ ዓመታት ሲጠራቀም የኖረ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኬሲ ፌንተን የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ወደ አይስላንድ ርካሽ የአውሮፕላን ቲኬት አገኘና ለዚያ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ 1,500 ኢሜይል ላከ፤ አሳድሩኝ የሚል። እናሳድርህ የሚሉ መልሶች ጎረፉለት። ከዚያ ተነሥቶ የመሠረተው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ ተከፈተ። በ2006 ግን የመረጃ ቋቱ ተበላሽቶ ብዙው መረጃ ጠፋ፤ ፌንተንም በቃ አለቀ ብሎ ለአባላቱ ጻፈ። ያስነሡት አባላቱ ናቸው። ፕሮግራም የሚጽፈው ጻፈ፣ የሚተረጉመው ተረጎመ፤ ያለ ደመወዝ። ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው ብለው ስላመኑ ነው እንጂ ለነጋዴ ማን በነፃ ይሠራል? ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት የበጎ አድራጎት ድርጅትነት እውቅናውን ሳይሰጠው ቀረ፤ በ2011 ድርጅቱ ለትርፍ የቆመ ኩባንያ ሆነ፤ ባለሀብቶች 7.6 ሚሊዮን ዶላር አስገቡበት። አባላቱ ያቆሙት ቤት ባለቤት ተቀየረለት።

እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ፤ እንዲያውም ከእሳቸው ይልቅ ተናድጃለሁ። ግን ደብሩ ተዘጋ ተብሎ ምእመኑ አለቀ አይባልም። ከእኒያ ከተቆጡት ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሄዱ። ቢዌልከም የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተ ሲሆን ዛሬም የሚመራው በበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነው፤ ክፍያ የለውም። ትረስትሩትስ በ2014 ተጨመረ። ኤስፔራንቶ ተናጋሪዎች ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው የራሳቸው የተቀባዮች መዝገብ አላቸው፤ መግቢያው ቋንቋውን ማወቅ ነው። ብስክሌተኞች ዋርም ሻወርስ የሚሉት አላቸው፤ ትርጉሙ ሙቅ ሻወር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፔዳል ሲረግጥ የዋለ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ምን እንደሚመኝ ከስሙ ይታወቃል። ሰርቫስም ያው በሕይወት አለ። ሁሉም እንደ ካውችሰርፊንግ ሰፊ አይደሉም። በአነስተኛ ከተማ ውስጥ አንድ ተቀባይ ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ እሱም ለዕረፍት ሄዶ ይሆናል። እኔ ከአሥራ አንዱ ከተሞች በስድስቱ ያደርሁት በእነዚህ ነው።

የሆቴሎች እንጀራ ስለተባለው ብዙ አልልም። ሠላሳ ዩሮ የሌለው ተማሪ ሆቴል አይገባም፤ ስለዚህ ሆቴሉ ያጣው ደንበኛ የለም። የእኔ እንግዶች አዲስ አበባ ውስጥ ለታክሲ፣ ለሽሮ ቤት፣ ለሽሮ ሜዳ ነጠላ ሻጭ የከፈሉትን ግን አይቻለሁ፤ በአንዷ ነጠላ ዋጋ ላይ ተከራክሬም ተሸንፌአለሁ።

ስድስተኛው ላይ ልምጣ፤ ለእሱ ስል ነው መጻፍ የጀመርሁት። ጸሐፊው እንደሚሉት አባቶቻችን መንገደኛን ስሙን ሳይጠይቁ ይቀበሉ ነበር፤ እግሩን አጥበው፣ ያለውን አቅርበው፣ የተሻለውን መኝታ ለቀው። ይህ ትክክል ነው። አያቴ ቤት ደርሶበታል። ሲመሽ ከአጥር ውጭ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይባላል። ሌላ ጥያቄ የለም። አብርሃም ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ሦስቱን እንግዶች የተቀበለው ስም ጠይቆ አልነበረምና።

ጸሐፊው ያላስተዋሉት ግን እዚያው ቃሉ ውስጥ አለ። እንግዳው የሚለው «አሳድሩኝ» ነው። ሌሊቱን አሳልፉኝ ማለት ነው፤ ልሰንብት አላለም። ሲነጋ ጭነቱን ጭኖ፣ መርቆ ይሄዳል። ለአንድ ሌሊት ስለሆነ ነው ድሃውም ቤት በሩን የሚከፍተው፤ ወሰኑ ባይታወቅ ኖሮ ማን ደፍሮ ይከፍት ነበር? የዛሬው ከተሜ ያንን ወሰን ጣለውና ይሉኝታውን ብቻ ይዞ ቀረ። እንግዳ ይመጣል፣ መሄጃው አይነገርም፣ መጠየቅም ነውር ነው።

ይህን ያወቅሁት እንግዳ ሆኜ ሳለሁ አይደለም፤ ባለቤት ሆኜ ነው። ሦስት ሌሊት ብሎ የመጣ ፖላንዳዊ ብስክሌተኛ ቤቴ ዘጠኝ ሌሊት አደረ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣልን፤ በርሜል ሞልተን በጣሳ እየለካን ነው የምንኖረው። እሱ በቀን ሁለት ጊዜ ይታጠባል። እኔ «እስከ መቼ ነህ?» ማለት አፌ አልደፍር አለኝ። ይልቁንም እየተናደድሁ በሄድሁ ቁጥር ምግቡን አሳመርሁ፤ በሰባተኛው ቀን ዶሮ ሠራሁ። እሱ ታዲያ ምን ያድርግ? ዶሮ የሚሠራለት ሰው ሂድ እየተባለ መሆኑን በምን ያውቃል? በዘጠነኛው ቀን ሲሄድ፣ በቅን ልቡ፣ እንዲህ የተወደድሁበት ሀገር የለም ብሎ አቀፈኝ። ያንን ምስክርነት ገጼ ላይ ባነበብሁ ቁጥር የበርሜሉ ባዶ ድምፅ ይሰማኛል።

የብሬመኗ አስተማሪ በመጀመሪያው መልእክታቸው የጻፉልኝ ይህ ነበር፦ ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ብትመጪ እራት አብረን እንበላለን፤ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወደ ልጄ ስለምሄድ አብረን እንወጣለን። ያን ጊዜ ተቀይሜ ነበር። ገና ሳልገባ መውጫዬ ተነገረኝ ብዬ ለጓደኛዬ አማሁ። ከገባሁ በኋላ ግን በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች ያገኘሁትን ዕረፍት ዘመድ ቤት አግኝቼው አላውቅም። ከበድኋቸው ይሆን፣ ደከሙ ይሆን፣ ደግሞ ቆዪ ሲሉኝ ከልባቸው ይሆን እያልሁ ፊታቸውን ማንበብ አላስፈለገኝም። ሁሉም ተነግሮኛል። እሳቸውም ወሰኑን ስላወቁ ሁለቱን ቀን ሙሉ በሙሉ ሰጡኝ። ጸሐፊው ከፈረንጅ የምንማረው የለም ብለዋል፤ ይሁን። አያቴ አጥር ውጭ ቆሞ አሳድሩኝ ከሚለው መንገደኛ የምንማረው ግን አለ፤ እኔ ያንን ትምህርት ያገኘሁት ብሬመን ድረስ ሄጄ መሆኑ ያሳፍረኛል እንጂ አያስኮራኝም።

ጸሐፊው ሲዘጉ አንድ ጥያቄ ጥለዋል፤ ለመሆኑ የትኛው ኢትዮጵያዊ እናት ናት እንዲህ ዓይነቱን የማታውቀውን ሰው ቤቷ የምታስገባው የሚል። እመልሳለሁ። አምና አስተማሪዋ ኢትዮጵያ መጡ። ቢሾፍቱ እናቴ ዘንድ ወሰድኋቸው። እናቴ በጀርመንኛ አንድ ቃል አታውቅም፤ እሳቸውም «አመሰግናለሁ»ን ለመያዝ ከአውሮፕላን ማረፊያ ጀምሮ ሲታገሉ ነበር። እናቴ ራሷ የምትተኛበትን አልጋ ለቀቀችላቸው፣ አዲስ ጋቢ አወጣችላቸው፣ እሷ ፍራሽ አንጥፋ ሳሎን ተኛች። በሁለተኛው ቀን ማታ ወጥ ቤት ጠርታኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እስከ መቼ ናቸው?» አለችኝ።

«እስከ ቅዳሜ» አልኋት፤ በልቤም ይኸው እናቴም እንደ እኔ ጨነቃት አልሁ።

«ቅዳሜ? የፊታችን ቅዳሜ?» ማማሰያውን አስቀመጠችው። «ታዲያ ሳይሰነብቱ ምን ሊሠሩ መጡ?»

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አስተማሪዋ ቦርሳቸውን አንግተው በሩ ላይ ቆሙ። እናቴ እስከ ሰኞ ድረስ አኮረፈችኝ።